ስለ 103 ሕንፃ የጣሪያ መብራት የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ይህን ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ሰው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በ103 ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያለው ቀይ መብራት ለእኛ የተተከለ አይደለም። እኛ ከሥሩ የምንኖር ሰዎች አናነብበትም፣ አንሰፋበትም፣ ጎመን አንዘፈዝፍበትም። የተተከለው በጨለማ በአየር ለሚመጣ ሰው «እዚህ ጋ ግድግዳ አለ» እንዲልለት ነው። ስብሰባው ሦስት ሰዓት የፈጀው ይህ ነገር ለሁሉም እኩል ስላልገባ ነው።

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 23
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከረፋዱ 5 ሰዓት
ቦታ፦ የባሕር ዳርቻዋ ቶንግዮንግ ከተማ፣ ባዳማሩ የመኖሪያ መንደር፣ የአረጋውያን ማረፊያ ክፍል። መሰብሰቢያ አዳራሹ ለብርዱ ወራት ኪምቺ ተብሎ በቅመም ሊቦካ በጨው በተዘፈዘፈ ጎመን ተይዟል። ጎመኑ ከኮሚቴው ቀድሞ ቦታ ማስያዙ ተረጋግጧል።

የተገኙ፦
1. አቶ ናምጉንግ ዶክሱ፣ የ101 ሕንፃ ተወካይና ሊቀመንበር
2. ወ/ሮ ፕዮ ኦክሬ፣ የ102 ሕንፃ ተወካይ፣ በመንደሩ በር አጠገብ የቤት ሽያጭ አገናኝ ቢሮ ያላቸው
3. አቶ ሶክ ቻንጉ፣ የ103 ሕንፃ ተወካይ፣ በሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ የሚኖሩ
4. አቶ ጂ ፒልሆ፣ የአረጋውያን ተጠሪ፣ በዕድሜያቸው ክብር ድምፅ የተሰጣቸው። ክፍሉ የእርሳቸው፣ ወለሉም ከሥር የሚሞቅ በመሆኑ ከስብሰባው በፊት ጀምሮ ጋደም ብለው ነበር።

ድምፅ ሳይኖራቸው የተገኙ፦ የአስተዳደር ቢሮ ኃላፊው አቶ ቢን ሳንጊል፤ ከ105 ሕንፃ ወ/ሮ ማ ጉምሹን፤ ጸሐፊ ኦም ጌሹክ።

የ105 ሕንፃ ነዋሪዎች ከመንግሥት የተከራዩ እንጂ ቤት የገዙ ስላልሆኑ በኮሚቴው ውስጥ ድምፅ የላቸውም። 104 የሚባል ሕንፃ ደግሞ ከነአካቴው የለንም። አራት ቁጥር ሞት ይጠራል ስለሚባል ሠሪዎቹ ዘለውታል።

ድምፅ ካላቸው አራቱም ስለተገኙ፣ ከእነርሱም ሦስቱ ነቅተው ስለነበር፣ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተብሎ ስብሰባው ተከፈተ።

አጀንዳ 1፦ መብራቱ መጥፋቱን ስለመስማት

አቶ ቢን እንዳስረዱት፣ በኦገስቱ አውሎ ነፋስ የ103 ሕንፃ የጣሪያ መብራት ውኃ ገብቶበት ጠፍቷል። ጉዳዩን ለኮሚቴው ሁለት ጊዜ አቅርበው ሁለቱንም ጊዜ «ለሚቀጥለው ይቆይ» ተብለዋል። የሚቀጥለው ስብሰባ የዛፍ መከርከም ጉዳይ ይዞ መጣ፤ ከእርሱ የቀጠለው ደግሞ ዛፎቹን ማን እንደዚያ አድርጎ እንደከረከማቸው ሲጣራበት አለቀ። አሁን ግን ከአምቡላንስ ሄሊኮፕተር ጣቢያ ደብዳቤ ደርሷል።

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን አነበቡ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሄሊኮፕተሩ ከደሴቶቹ ሕሙማን ይዞ ከመንደራችን ጀርባ ባለው ሆስፒታል የሚያርፈው በ103 ሕንፃ አጠገብ አልፎ ነው። ሕንፃው በጨለማ ካልታየ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ መብራቱ እስኪበራ ድረስ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የሚነሱ ሕሙማን ወደ ሌላ ከተማ ይወሰዳሉ።

አቶ ሶክ የመጀመሪያው ተናጋሪ ሆነው፣ መብራቱ ከመኝታ ቤታቸው በላይ በመሆኑ ለስድስት ዓመት ያህል ግድግዳቸው ቀይ ሲሆንና ሲጠፋ እያዩ እንዳደሩ፣ ከኦገስት ወዲህ ግን እንቅልፍ ማለት ምን እንደሆነ እንዳወቁ፣ ሁለት ኪሎም እንደጨመሩ ገለጹ። ጸሐፊው ኪሎው ከጉዳዩ ጋር ያለው ግንኙነት እንዲብራራ ጠየቀ። አቶ ሶክ ግንኙነት ቢኖረውም ባይኖረውም ይመዝገብልኝ አሉ። ተመዝግቧል።

ሊቀመንበሩ፣ መብራት የሚያስፈልገው ለረጅም ሕንፃ ብቻ መሆኑን አስታውሰው፣ 103 ረጅም መሆኑ በምን ተረጋገጠ ሲሉ ጠየቁ። በሊፍቱ ቁልፍ ላይ የመጨረሻው ፎቅ 50 ይላል። ነገር ግን 4፣ 14፣ 24፣ 34 እና 44 ስለተዘለሉ፣ ሕንፃው በእውነቱ 45 ፎቅ ነው። አምስት ፎቅ ያጠረ ሕንፃ ምናልባት ከደንቡ ነጻ ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ።

አቶ ሶክ ክርክሩን በጽኑ ተቃወሙ። ቤቱን የገዙት የሃምሳኛ ፎቅ ቤት ነው ተብለው፣ በሃምሳኛ ፎቅ ዋጋ እንደሆነ፣ ለመብራት ተብሎ አርባ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሊወርዱ እንደማይችሉ አስታወቁ።

ሊቀመንበሩም «ሶክ፣ ማን ውረድ አለህ? አንተ እዚያው ሃምሳኛው ላይ ቁጭ በል። ሕንፃው ብቻ ነው አርባ አምስት የሚሆነው» ሲሉ አረጋጓቸው።

አቶ ቢን፣ ደንቡ የሚለካው በሜትር እንደሆነ፣ ሜትር ደግሞ አራት ቁጥር ላይ ሲደርስ እንደማይዘል አሳሰቡ። ሊቀመንበሩ ማሳሰቢያው ቴክኒካዊ ነው ብለው አለፉት።

በዚህ መካከል አቶ ጂ ነቅተው ምሳ ደርሷል ወይ ብለው ጠየቁ። አለመድረሱ ሲነገራቸው «እንግዲያው ጸድቋል በሉ» ብለው ወደ እንቅልፋቸው ተመለሱ። ንግግራቸው የድጋፍ ድምፅ ሆኖ ተያዘ።

ውሳኔ 1፦ ከረጅም ውይይት በኋላ፣ 103 ሕንፃ ከሰማይ ጋር ባለው ግንኙነት 45 ፎቅ፣ ከምድር ጋር ባለው ግንኙነት 50 ፎቅ ሆኖ እንዲቆጠር በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። አቶ ሶክ ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

አጀንዳ 2፦ የጥገናው ወጪ

ሊቀመንበሩ፣ የ101 ሕንፃ መስኮቶች በሙሉ ወደ ባሕር ስለሚያዩ ነዋሪዎቹ መብራቱን አይተውት እንደማያውቁ፣ ላላዩት ነገርም መክፈል እንደማይገባቸው ገለጹ። ወ/ሮ ፕዮ፣ 102 መብራቱን የሚያየው ከማድ ቤት በኩል ብቻ መሆኑን፣ ማድ ቤት ደግሞ ሰው ድስቱን እንጂ ሰማይ የሚያይበት ስፍራ ስላልሆነ በግማሽ ሊታሰብ እንደሚገባ አመለከቱ። አቶ ሶክ በበኩላቸው፣ 103 መብራቱን ተሸክሟል፤ ተሸካሚ ደግሞ ይከፈለዋል እንጂ አይከፍልም አሉ። በመስኮት ብዛት ይታሰብ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ መጋረጃ የሚዘጋ ሰው በምን ይታሰባል የሚል ጥያቄ ስለተነሳበት ወደቀ።

አቶ ቢን፣ ለዚህ ዓይነት ጥገና ከአራቱም ሕንፃዎች በየወሩ የሚዋጣ ተቀማጭ መኖሩን፣ 105ም እንደማንኛውም እንደሚያዋጣ አስታወሱ። ሊቀመንበሩ ተቀማጩ ለመንደሩ አዲስ የድንጋይ በር መመደቡን፣ በወርቃማ መብራት የሚንቆጠቆጠው የጎረቤታችን መንደር በር ከእኛው በር መብለጡን እያንዳንዱ ነዋሪ በየቀኑ እያየ እንደሚሰቃይ፣ ስለዚህም ከበሩ አንድ ድንጋይ መቀነስ እንደማይቻል አስረዱ።

ወ/ሮ ፕዮ አስታራቂ ሐሳብ አቀረቡ። የእኛም በር ሲሠራ ወርቃማ መብራት ስለሚኖረው፣ አብራሪው በሩን ካየ ሕንፃው ከኋላው እንዳለ አይጠፋውም አሉ። አቶ ሶክ ይህን አጠናክረው፣ በሩ እስኪሠራ ድረስ እንኳ የጎረቤታችን መንደር መብራት ስለሚበራ አብራሪው ከዚያ በስተግራ ምንም ካላየ እኛ መሆናችንን ሊያውቅ ይችላል ብለዋል። ሐሳቡ ለጊዜው ብልኀት ያለው ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ማ እጃቸውን አነሡ። ሊቀመንበሩ የ105 አስተያየት ይሰማል እንጂ አይመዘገብም አሉ። ጸሐፊው፣ መተዳደሪያ ደንቡ ድምፅ እንዳይሰጡ እንጂ እንዳይመዘገቡ እንደማይከለክል አንቀጹን ጠቅሶ አሳየ። ስለዚህ ተመዝግቧል።

ወ/ሮ ማ እንዲህ አሉ፦ «ገንዘቡን እኛ እናወጣለን። ቤት ለቤት ዞሬ ጠይቄያለሁ፤ 105 እሺ ብሏል። እናንተ ምንም አታውጡ። የጣሪያውን ቁልፍ ብቻ ለአቶ ቢን ፍቀዱላቸው።»

ስጦታው ደስታ እንዳልፈጠረ ከሚከተለው ውይይት መረዳት ይቻላል።

ወ/ሮ ፕዮ ልግስናውን አመስግነው፣ ነገር ግን ነገሩ የሚያስከትለው መዘዝ መታሰብ አለበት አሉ። «እትዬ ማ፣ ክፉ አይምሰልሽ። የዛሬ አምፖል የነገ ርስት ነው። ዛሬ መብራቱ የኛ ነው ትላላችሁ፤ ነገ መብራታችንን እንይ ብላችሁ ጣሪያው ላይ ትወጣላችሁ።»

አቶ ሶክም ሥጋቱን ተጋሩ። ወደ ጣሪያው የሚወጣው በ103 ሊፍት እንደሆነ፣ የ105 ነዋሪዎች ብዙዎቹ ኦይስተር የሚባለው የባሕር ምግብ ከዛጎሉ በሚፈለፈልባቸው ዳሶች የሚሠሩ በመሆናቸው በሊፍቱ ውስጥ የባሕር ሽታ ሊቀር እንደሚችል በትሕትና ጠቆሙ።

«ጋሼ ሶክ፣» አሉ ወ/ሮ ማ፣ «ባለፈው ዓርብ ከኔ የገዙት ኦይስተር በየትኛው ሊፍት ወጣ?»

አቶ ሶክ ያ የተዘጋ ዕቃ ውስጥ ነበር ብለው መለሱ። አቶ ጂ ከጋደሙበት ስለ ኦይስተሩ ዋጋ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ሆኖ ታለፈ።

ውሳኔ 2፦ ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ፣ የ105 ሕንፃ ስጦታ በምስጋና ውድቅ እንዲሆን ተወሰነ። ምስጋናው ለወደፊቱ ማስረጃ እንዳይሆን በቃል ብቻ ይድረሳቸው ተብሏል። ወ/ሮ ማ እዚያው ስለነበሩ እዚያው ደርሷቸዋል።

አጀንዳ 3፦ የሄሊኮፕተር ድምፅና የቤት ዋጋ

ይህን አጀንዳ ያስያዙት ወ/ሮ ፕዮ ናቸው። ሄሊኮፕተሩ በምሽት መምጣት ካቆመ ወዲህ ቤት ሊያዩ የሚመጡ ሰዎች በረንዳ ላይ ቆመው «እንዴት ጸጥ ያለ ነው» እያሉ መሆኑን፣ ይህም ለመንደሩ ትልቅ ዕድል እንደሆነ አስረዱ። ስለዚህ መብራቱን አለመጠገን ቸልተኝነት ሳይሆን ጸጥታን መንከባከብ ተብሎ እንዲታይ፣ ደብዳቤውም በዚሁ መንፈስ እንዲመለስ ሐሳብ አቀረቡ። ከዚህም በተጨማሪ በሆስፒታሉ ትይዩ «ሰማያችን ይረፍ» የሚል ትልቅ የጨርቅ ማስታወቂያ እንዲሰቀል ጠየቁ።

በጨርቁ ጽሑፍ ቀለም ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ክርክር ተደረገ። ሊቀመንበሩ ሰማያዊን፣ አቶ ሶክ ጥቁርን ደገፉ። በመጨረሻ ከሩቅ በደንብ እንዲታይ ቀይ ይሁን በሚለው ሁሉም ተስማሙ።

ሐሳቡ ለድምፅ ሊቀርብ ሲል ወ/ሮ ማ ሳይፈቀድላቸው ተናገሩ። ጸሐፊው ቃላቸውን እንዳለ ይዞታል።

«እናቴ ሶሬ ደሴት ናት። ልቧ ደክሟል። ከሦስት ሳምንት በፊት ሲመሽ ጓሮዋ ወደቀች፤ ጎረቤቶች ጠሩላት፤ ሄሊኮፕተሩ አነሣት። እኔ እዚህ ሆስፒታሉ በር ላይ ሮጬ ደርሼ እጠብቃለሁ። ድምፁ ከባሕሩ በኩል ይሰማኛል። መጣች ስል ድምፁ ራቀ። ዞሮ ሄደ። ሌላ ከተማ ወሰዷት። በሕይወት አለች፤ እግዜር ይስጣቸው። ግን ሐኪሙ ምን አለኝ፤ ሁለተኛ ያን ያህል መንገድ አትችለውም አለኝ።»

ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እናትየው ለምን ወደ ከተማ አይመጡም ሲሉ ጠየቁ።

«አምጥቻት ነበር። አሥራ አንደኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆማ ‹ልጄ፣ መሬቱ የት ሄደ?› አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላት ተመለሰች። ምን ላድርጋት፣ በገመድ ልሰራት?»

ከአዳራሹ የጎመን አጣቢዎቹ ሳቅ ይሰማ ነበር። ወ/ሮ ፕዮ ይዘውት የመጡትን የጨርቁን ናሙና አጣጠፉ። አቶ ሶክ የወለሉን ምንጣፍ ጠርዝ ሲያስተካክሉ ቆዩ።

አቶ ጂ፣ እንደተኙ ይታመን የነበሩት፣ ቁጭ ብለው ተገኙ። «ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። «አብሩት እንጂ።»

መብራቱ ይብራ የሚለው የአቶ ጂ ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። አቶ ጂ፣ ሊቀመንበሩና አቶ ሶክ እጅ አወጡ። ወ/ሮ ፕዮ እጃቸውን መጨረሻ ላይ፣ እስከ ትከሻቸው ድረስ ብቻ አነሡ። ደንቡ እጅ እስከ የት ድረስ መነሣት እንዳለበት ስለማይወስን ሙሉ ድምፅ ሆኖ ተቆጥሯል።

ውሳኔ 3፦ መብራቱ ከጋራው ተቀማጭ ወጪ ሆኖ በአስቸኳይ እንዲጠገን፣ የድንጋዩ በር እንዲዘገይ፣ የጨርቁ ማስታወቂያ እንዲቀር በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ወ/ሮ ማ መቼ እንደሚበራ ጠየቁ። አቶ ቢን ባለሙያው ሰኞ ከመጣ ረቡዕ ማታ ይበራል አሉ። ወ/ሮ ማ ለሁሉም በየተራ ጎንበስ ብለው አመሰገኑ፤ የከሰዓት ፈረቃቸው ስለደረሰም ፈቃድ ጠይቀው ወጡ። ከበሩ ውጭ ጫማቸውን እያጠለቁ በስልክ ለእናታቸው «ረቡዕ፣ እማ፣ ረቡዕ» ሲሉ ተሰምተዋል።

አጀንዳ 4፦ የማስታወቂያው አጻጻፍ

አቶ ቢን፣ ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት ምክንያቱንና ጊዜውን የሚገልጽ ማስታወቂያ በየሊፍቱ መለጠፍ ግዴታ መሆኑን ገልጸው፣ «ከኦገስት ወር ጀምሮ ጠፍቶ የቆየው የ103 ሕንፃ የጣሪያ መብራት ስለሚጠገን» የሚል ረቂቅ አነበቡ።

ወ/ሮ ፕዮ ረቂቁ እንዲቆም ጠየቁ። ሰኞ ጠዋት ከቡሳን ከተማ የሚመጣ ገዢ በ103 ሁለት ቤቶች ሊያይ ቀጠሮ እንዳለው፣ ገዢው በሊፍት እንደሚወጣ፣ በሊፍት የሚወጣ ሰው ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ከማንበብ ሌላ ሥራ እንደሌለው አስረዱ። ሦስት ወር ሙሉ የሚጠፋ መብራት ያለው ሕንፃ ሌላ ምኑ ጠፍቶ ይሆን ብሎ አይጠይቅም ወይ አሉ። አንድ ቤት በወረደ ዋጋ ከተሸጠ በማግሥቱ የሁላችንም ቤት ዋጋ ያው ነው ሲሉም አሳሰቡ።

አጻጻፉን ለማሻሻል ጥረት ተደርጓል። «ጠፍቶ የቆየው» የሚለው «ዕረፍት ላይ ያለው» በሚል ይተካ ተባለ። ሊቀመንበሩ «የደከመው» ይሻላል አሉ። አቶ ሶክ «ለውበት ሲባል» የሚል ይጨመር አሉ። ሦስቱም አንድ ላይ ሲነበቡ፣ ለውበት ሲባል ደክሞ ዕረፍት ላይ ያለ መብራት ሆነ። አቶ ቢን ይህን ፈርመው ለመለጠፍ እንደሚቸገሩ በአክብሮት ገለጹ።

ቀጥሎ ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ከሥሩ እንመልከተው አሉ። ተነሥተው መስኮቱን ከፈቱና አቶ ቢንን ጠሯቸው።

«ቢን፣ እስቲ ቀና በል። መብራቱ ጠፍቶ ይታይሃል?»

አቶ ቢን ቀና ብለው አዩ። እኩለ ቀን ስለሆነ በርቶም ቢሆን ከዚህ ሊታይ አይችልም አሉ።

«ስለዚህ ጠፍቶ አላየኸውም።»

«ሊቀመንበር፣ እኔ ማታ ማታ ስወጣ ጨለማ መሆኑን…»

«ማታ ሥራ ጨርሰሃል። ሥራ የጨረሰ ሰው ያየውን ለኮሚቴ ሪፖርት አያደርግም።»

አቶ ሶክ፣ ከሥሩ የሚኖሩ እንደመሆናቸው ምስክርነት ተጠየቁ። ከኦገስት ወዲህ በሰላም ስለሚተኙ ማታ የሚሆነውን ሊያውቁ እንደማይችሉ አስረዱ።

ጸሐፊው፣ ስብሰባው ጀምበር እስክትጠልቅ ተቋርጦ ሁሉም ግቢ ወጥቶ ቀና ብሎ እንዲያይ ሐሳብ አቀረበ። የተቀቀለው የአሳማ ሥጋ ከአዲሱ ኪምቺ ጋር ደርሷል፣ እየበረደም ነው የሚል መልእክት ከአዳራሹ በዚያው ቅጽበት ስለመጣ፣ ሐሳቡ ደጋፊ አላገኘም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ሰፊና ጥልቅ ውይይት ከተካሄደ በኋላ የሚከተለው ተወሰነ። የ103 ሕንፃ የጣሪያ መብራት ጠፍቷል የሚል ማስረጃ ስላልተገኘ በርቷል። የበራ መብራት ስለማይጠገን ውሳኔ 3 ተሽሯል። የበራ መብራት ወጪ ስለሌለው ውሳኔ 2 ተሽሯል፤ ለ105 የደረሰው ምስጋናም እንዳልደረሰ ይቆጠራል። መብራት ያለው ሕንፃ ማጠር ስለማያስፈልገው ውሳኔ 1 ተሽሮ 103 በሰማይም በምድርም ሃምሳ ፎቅ ሆኗል። ለጣቢያው «መብራታችን በርቷል» የሚል መልስ ይጻፋል። የሚወያዩበት ጉዳይ ስላልነበረም ይህ ስብሰባ እንዳልተካሄደ ይቆጠራል፤ ቃለ ጉባኤውም አይለጠፍም።

ሦስት ሰዎች ደግፈዋል። አቶ ጂ ተመልሰው ተኝተው ስለነበር ድምፃቸው እንደተለመደው ከብዙኃኑ ጋር ተቆጥሯል። ጸሐፊው እንዲቀሰቀሱ ጠይቆ ነበር፤ ሽማግሌ ከሞቀ ወለል ላይ መቀስቀስ ነውር ነው ተብሏል።

ስብሰባው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተዘግቶ አባላቱ ወደ ምሳ አልፈዋል።

ለነዋሪዎች የጸሐፊው ማሳሰቢያ

ቃለ ጉባኤው አይለጠፍም ከተባለ በኋላ ለምን እንደለጠፍሁት ሳትጠይቁኝ ልመልስ። ያልተካሄደ ስብሰባ ሊወስን አይችልም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤው እንዳይለጠፍም አልወሰነም። ስብሰባው ተካሂዷል ከተባለ ደግሞ ደንቡ በየሕንፃው ደጃፍ ይለጠፍ ይላል። ሁለቱንም መንገድ ሄጄባቸዋለሁ፤ ሁለቱም የሚያደርሱት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ነው።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ በየምሽቱ ግቢ ወጥቼ ቀና ብያለሁ። 103 ጨለማ ነው። ማንም ወጥቶ ማየት ይችላል፤ አንገት ማቅናት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ጣቢያው መብራቱ በርቷል የሚለው መልስ ከደረሰውና ካመነው፣ ሄሊኮፕተሩ ወደማይታይ ግድግዳ እንደሚመጣም ልታስቡበት ይገባል። መልሱን እኔ ጽፌ መላክ ስላለብኝ እስካሁን አልጻፍሁትም።

በደንባችን መሠረት ከነዋሪው ከአሥር እጅ አንዱ በጽሑፍ ከጠየቀ አዲስ ስብሰባ በሁለት ቀን ውስጥ መጠራት አለበት። አንቀጹን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የሚለው «ነዋሪ» እንጂ «ባለቤት» አይደለም፤ ስለዚህ የ105 ሰዎችም ይቆጠራሉ። ስብሰባው ጀምበር ከጠለቀች በኋላ፣ ደጅ፣ ቆመን እንዲሆን እጠይቃለሁ።

ወ/ሮ ማ የመጨረሻው አጀንዳ ሲታይ አልነበሩም። ይህን ቀድሜ በአካል ልነግራቸው ሁለት ጊዜ በራቸውን አንኳኳሁ፤ ፈረቃ ላይ ነበሩ። ረቡዕ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ቀና ብለው ያያሉ። በሶሬ ደሴት ያሉት እናታቸውም ደውለው ይጠይቋቸዋል።

ስማችሁን፣ የሕንፃና የቤት ቁጥራችሁን በአንዲት ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በ101 ሕንፃ መግቢያ ባለው የፖስታ ሳጥኔ ውስጥ ጣሉልኝ። እባካችሁ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ መልሱልኝ።